ቴስት የምትጽፉት ለመፍጠን ነው

ለወጣት ፕሮግራመሮች፣

ስለ ቴስት፣ ማለትም ሌላው ኮድ በትክክል መሥራቱን ስለሚፈትሽ አጭር ኮድ፣ ከእናንተ ጋር ባወራሁ ቁጥር አንድ ነገር ትደጋግሙልኛላችሁ። "ቴስት መጻፍ ጥሩ እንደሆነ እናውቃለን፤ ግን ጊዜ የለንም። አለቃችን ፊቸሩን (አዲሱን የፕሮግራሙን ክፍል) ለሐሙስ ይፈልገዋል።" ጭንቀታችሁ ይገባኛል። ትንሽ ካምፓኒ ውስጥ የሚሠራ ሰው ፋታ የለውም። ነገር ግን በዚህ ሙያ ረጅም ዘመን ቆይቼ ያየሁት ተቃራኒውን ነው። ቡድንን የሚያዘገየው ቴስት መጻፍ አይደለም። የሚያዘገየው የራሱን ኮድ መፍራት ነው።

ፍርሃቱን ታውቁታላችሁ። ፕሮጀክቱ ሲጀመር ሁሉም ነገር ቶሎ ቶሎ ይሄዳል። ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ ግን አንዱ "እዚያ ፋይል ላይ እጅህን እንዳታስገባ" ማለት ይጀምራል። የጻፈው ልጅ ሥራ ለቋል። አሮጌውን ማስተካከል የሚደፍር ስለሌለ፣ ኮዱ ተገልብጦ ከጎኑ ሌላ ይጻፋል። ዓርብ ዲፕሎይ ማድረግ፣ ማለትም አዲስ ኮድ ለተጠቃሚ መልቀቅ፣ ክልክል ይሆናል። ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ሎግኢኑን፣ ክፍያውን፣ ሪፖርቱን በእጁ ይሞክራል። ሲደክመው ደግሞ ግማሹን ይዘለዋል። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ማለት ይኸው ነው። አውቶሜትድ ቴስት ያለው ቡድን ይህን ድካም ለማሽኑ ይተወዋል። ኮድ ፑሽ በተደረገ (ወደ ቡድኑ የጋራ ማከማቻ በተላከ) ቁጥር ቴስቶቹ በራሳቸው ይሠራሉ፤ የተበላሸ ነገር ካለ ደንበኛው ጋ ሳይደርስ ይታወቃል።

ለእኛ በጣም ቅርብ የሆነ ምሳሌ ልስጣችሁ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈን ቀን ወደ ፈረንጆቹ የሚቀይር ፈንክሽን (አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል) ብዙዎቻችሁ ጽፋችኋል። ብድር ላይ አለ፣ ደመወዝ ላይ አለ፣ የሆስፒታል ቀጠሮ ላይም አለ። አዲስ ዓመታችን አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል። ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ግን ጳጉሜ 6 ቀን ስለምትሆን መስከረም 1 ወደ ሴፕቴምበር 12 ይገፋል። ከዚያ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ ቀኖቹ ሁሉ በአንድ ቀን ተገፍተው ይቆያሉ።

አሁን አንድ ፕሮግራመር ይህን ረስቶ፣ ሁሉም ዓመት ተራ ዓመት ነው ብሎ ፈንክሽኑን ጻፈው እንበል። የዛሬን ቀን ያስገባል፣ ትክክል ይወጣል። የትናንቱንም ይሞክራል፣ ትክክል ነው። ማናጀሩ ያየዋል፣ ደስ ይለዋል፣ ፕሮዳክሽን ላይ ይወጣል። ባጉ (የኮዱ ስህተት) ግን ጊዜውን ይጠብቃል። ቀኑ ሲደርስ የብድር መክፈያ ቀን ሁሉ በአንድ ቀን ይዛነፋል። በሰዓቱ የከፈለች ነጋዴ ቅጣት ይጻፍባታል። ስልክ የምታነሳው የባንክ ሠራተኛ ምን ብላ እንደምትመልስላት አታውቅም። ኮዱን የጻፈው ሰው በዚያን ጊዜ ሌላ ቦታ ነው የሚሠራው።

ይህን ለመከላከል የሚያስፈልጉት አራት አጫጭር ቴስቶች ናቸው። ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ሲገባ ሴፕቴምበር 11፣ 2023 ይውጣ። መስከረም 1 ቀን 2016 ሲገባ ሴፕቴምበር 12፣ 2023 ይውጣ። መስከረም 1 ቀን 2017 ሲገባ ሴፕቴምበር 11፣ 2024 ይውጣ። ጳጉሜ 6 ቀን 2016 ሲገባ ደግሞ "እንዲህ የሚባል ቀን የለም" ይበል። በቃ። በየአራት ዓመቱ አንዴ የምትመጣዋን ቀን በየቀኑ ትሞክሯታላችሁ ማለት ነው።

መልሶቹን ከየት እንዳመጣኋቸው ልብ በሉ። ከካላንደር ነው፣ ከኮዱ አይደለም። ይህን አጥብቄ የምለው ዛሬ ብዙዎቻችሁ ኮዱንም ቴስቱንም በኤአይ ስለምታስጽፉ ነው። ተጠቀሙበት፣ አልቃወምም። ነገር ግን ቴስቱ መልሱን ከኮዱ ላይ ከቀዳ፣ የኮዱን ስህተት ትክክል ነው ብሎ ይመሰክርለታል። የተጨማሪ እሴት ታክስ ስሌት ከሆነ ሒሳብ ሠራተኛዋ በእጇ የሠራችውን ደረሰኝ ለምኗት። የወለድ ከሆነ ውሉን አውጥታችሁ አንብቡ። 100 ብር ለሦስት ሰው ሲካፈል የምትተርፈው አንድ ሳንቲም ለማን እንደምትሄድ የሚወስነው ፕሮግራመር መሆን የለበትም።

ያልተሞከረ ኮድ ምን ያህል ዓመት አድፍጦ ሊቆይ እንደሚችል የአሜሪካኑን ናይት ካፒታል ታሪክ አንብቡ። አክሲዮን የሚያገበያይ ትልቅ ድርጅት ነበር። እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2012 ጠዋት አዲስ ኮድ ይዞ ገበያ ገባ። ኮዱ ከ8 ሰርቨሮች በ7ቱ ላይ ብቻ ነበር የተጫነው፤ አንዱ ተረስቷል። በተረሳው ሰርቨር ላይ ፓወር ፔግ የሚባል፣ ከ2003 ጀምሮ ማንም የማይጠቀምበት አሮጌ ኮድ ነበር። አዲሱ ኮድ የሚነሳበት ምልክት ቀድሞ ፓወር ፔግን ያስነሳ የነበረው ራሱ ስለነበር አሮጌው ኮድ ነቃ። በ45 ደቂቃ ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠር ግብይት ፈጸመ፤ ድርጅቱ ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ።

ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለተረሳው ሰርቨር ነው። እኔን የሚቆጨኝ 2005 ላይ የሆነው ነው። የተሰጠው የግዢ ወይም የሽያጭ ትእዛዝ ሲሞላ "በቃ፣ አቁም" የሚለው የኮዱ ክፍል በዚያ ዓመት ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። ከተዛወረ በኋላ ፓወር ፔግ በትክክል ይሠራ እንደሆነ መልሶ የሞከረ የለም። ያኔ አንድ ቴስት ቢኖር ኖሮ በዚያው ቀን ቀይ፣ ማለትም "ወድቋል"፣ ያሳይ ነበር።

ቴስት አለን ብሎ መተኛትም አይቻልም። ጁላይ 19 ቀን 2024 ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒውተር ደህንነት ካምፓኒ ዝማኔ 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ሲጥል አውሮፕላኖች ቆሙ፣ ሆስፒታሎች ተቸገሩ። ካምፓኒው ራሱ ባወጣው ሪፖርት እንደገለጸው አዲሱ ፋይል 21 ግብዓት ይጠብቅ ነበር፤ የሚቀርብለት ግን 20 ነበር። ቴስት ተደርጓል። ነገር ግን በቴስቱ ላይ 21ኛው ቦታ "ምንም ይሁን ምን ይለፍ" ስለሚል ጉድለቱ አልታየም። ሁሉን የሚያሳልፍ ቴስት ካያችሁ አርሙት።

"ከየት እንጀምር?" ለምትሉ፣ ሁሉንም ነገር በአንድ ጊዜ ለመሸፈን አትሞክሩ። ገንዘብ የሚነካውን፣ ቀን የሚቆጥረውን፣ ለማን ምን እንደሚፈቀድ የሚወስነውን አስቀድሙ። ስክሪን ላይ የሚጫኑት ቁልፍ ቀለም ይቆይ። ባግ ሲመጣላችሁ ደግሞ ኮዱን ከመንካታችሁ በፊት ያንን ባግ የሚያሳይ ቴስት ጻፉ። ቴስቱ መጀመሪያ መውደቁን በዓይናችሁ እዩ፣ ከዚያ አስተካክሉ። አንዴ አልፎ አንዴ የሚወድቅ ቴስት ካለ በዚያው ሳምንት አስተካክሉት ወይም አውጡት። "እሱ ሁሌም ይወድቃል" መባል ከተጀመረ ሌሎቹንም የሚያምን አይኖርም።

አለቃችሁን ቴስት ለመጻፍ ፈቃድ አትጠይቁ። ሥራው ስንት ቀን ይፈጃል ስትባሉ ቴስቱን ጨምራችሁ ተናገሩ፤ ፊቸሩ አለቀ የሚባለው ከነቴስቱ ነውና።

ሥራ ፍለጋ ኢንተርቪው ስትገቡ "ጥያቄ አለህ? አለሽ?" መባላችሁ አይቀርም። ያን ጊዜ ስለ ደመወዝ ብቻ ጠይቃችሁ አትውጡ። "አንድ መስመር ኮድ ብቀይር መበላሸቱን በስንት ደቂቃ አውቃለሁ?" በሏቸው። መልሱን በደንብ አዳምጡ፤ ቀጥሎ ያሉት ዓመታት ሌሊቶቻችሁ ምን እንደሚመስሉ ይነግራችኋል።