ኮሪያንድር ወይስ ፓሎማ ፒካሶ?

እህቴ፣ ዋጋቸው የማይከብድ ሁለት የድሮ የአበባ ሺፕር ሽቶዎች (ሺፕር ማለት በቤርጋሞት ጀምሮ በኦክሞስ የሚያልቅ የሽቶ ዓይነት ነው) መርጠሽ «የዣን ኩቱሪየ ኮሪያንድር ይሻለኛል ወይስ ፓሎማ ፒካሶ?» ላልሽው፣ ኮሪያንድርን ግዢ። አንቺም እንደኔ ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ቢሮ የምትውይ ይመስለኛል።

1. ፓሎማ እ.ኤ.አ. የ1984 ሽቶ ናት። ያኔ ሽቶ ከባለቤቱ ቀድሞ ነበር የሚገባው። ፅጌረዳውም ጃስሚኑም አለ፤ ከስር ግን አፈር አፈር የሚለው የፓቹሊ ቅጠልና ቆዳ ቆዳ የሚል ጠረን ይጠብቅሻል። እወዳታለሁ፤ ግን አብዝተሽ ከረጨሽ ሊፍት ውስጥ ይፈጠጥብሻል። ኮሪያንድር የ1973 ነው። በድምብላል ይጀምርና ወደ ፅጌረዳ ያልፋል። ደረቅ ነው፣ አይጮህም።

2. በወረቀት አሽትተሽ አትወስኚ። የሺፕር ጉዱ መጨረሻው ላይ ነው። ቤርጋሞቱ፣ ማለትም ሎሚ ሎሚ የሚለው መጀመሪያው፣ ቶሎ ይበንና ኦክሞሱ፣ ማለትም ዛፍ ላይ የሚበቅለው ሽበት፣ ቆይቶ ነው የሚወጣው። ክንድሽ ላይ አድርገሽ እስከ ማታ ጠብቂ።

3. «የድሮው ይሻላል» የሚሉሽን ቶሎ አትመኚ። እርግጥ ነው፣ የአውሮፓ ኅብረት ኦክሞስ ውስጥ ያሉትን አትራኖልና ክሎሮአትራኖል የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ቆዳ ላይ አለርጂ ስለሚያስነሱ እ.ኤ.አ. በ2017 ከልክሏል፤ አዲሶቹ እንደ ድሮዎቹ አይሸቱም። እኔም ለዚህ ነው የድሮ ፓሎማ ኢንተርኔት ላይ ያዘዝኩት። ሻጩ «ያልተከፈተ፣ ጨለማ ውስጥ የተቀመጠ» ብሎኛል። ሲመጣ ካርቶኑ በአንድ ጎኑ ፀሐይ በልቶታል። ስረጨው የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ! ስጽፍለት ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «የድሮ ሽቶ ጠረን አታውቂም እንዴ?» እኔን! ዓይኔን ጨፍኜ ፓቹሊና ቬቲቨር የምለየውን ሴት! ፎቶ ብልክለት ብሎክ አደረገኝ። ገንዘቤም በዚያው ቀረ።

ስለዚህ የድሮ ካማረሽ ሻጩ ጠርሙሱን ብርሃን ላይ ይዞ ፎቶ ያንሳልሽ። የካርቶኑን አራቱንም ጎን፣ ከስር ያለውን የምርት ቁጥርም ጠይቂ። ካቅማማ ተይው። ዕቃ አልመልስም የሚል ከሆነማ ወሬም አትጀምሪ።

4. ኮሪያንድሩን አዲሱን ገዝቼ ይኸው እስከ ዛሬ እለብሰዋለሁ። ውድ ሽቶ ብቻ የምትገዛዋ የሥራ ባልደረባዬ «ምንድነው የተቀባሽው?» እያለች ትጨቀጭቀኛለች። አልነግራትም። አንቺ ግን ትንሹን ጠርሙስ ግዢና ሞክሪው፤ መስኮት ዳር ብቻ እንዳታስቀምጪው።