«ትል ልታይ ነው የተማርሽው?» ለተባለች ተማሪ

ጠያቂያችን የዕፅዋት ሳይንስ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት። ከግቢያቸው በር እስከ ዋናው መንገድ የተተከሉት ዛፎች ከአናታቸው ጀምረው እየደረቁ ነው። አንድ ቀን የአንዱን ቅርፊት ላጥ ስታደርገው ከሥሩ የተጠማዘዘ መንገድና ነጭ ትል አየች። ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር ማሰብ አቅቷታል። ጥያቄዎቿ ሦስት ናቸው። ይህ ነገር እንጀራ ይሆናል ወይ? ማስተርስ ይቅደም ወይስ ሥራ? «ትል ልታይ ነው እስካሁን የተማርሽው?» ለሚሏት ቤተሰቦቿስ ምን ትመልስ?

እህቴ፣ ከቤተሰቦችሽ ልጀምር። በክርክር አታሸንፊያቸውም፤ ይልቅ ታሪክ ንገሪያቸው። አሜሪካ ውስጥ ዲትሮይት አካባቢ አሽ የሚባሉት የመንገድና የጓሮ ዛፎች ይደርቁ ጀመር። ገዳይዋ የታወቀችው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2002 ነው። ከእስያ የመጣች፣ አረንጓዴ የምታብረቀርቅ፣ ርዝመቷ አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነች ጥንዚዛ ናት። ኤመራልድ አሽ ቦረር ይሏታል፤ ከቅርፊቱ ሥር ዛፉን የሚቦረቡረው ትል የእሷ ልጅ ነው። ተመራማሪዎች የደረቁትን ዛፎች ዓመታዊ ቀለበት ሲያጠኑ ጥንዚዛዋ ከ1990ዎቹ ጀምሮ እዚያው እንደነበረች ደረሱበት። ያን ሁሉ ዓመት ስንቱ ሰው በዛፎቹ ሥር አለፈ። እስከ ዛሬ የሞተው አሽ በአስር ሚሊዮኖች ይቆጠራል።

እንግዲህ አንቺ የምትጠይቂኝ ሥራ ይኸው ነው፤ ሌላው ሳያይ ማየት። አዎ፣ ደመወዝ አለው።

ችግሩ ማስታወቂያው ላይ «ትል የሚያይ ይፈለጋል» ተብሎ አይወጣም። በሌላ ስም ነው የሚመጣው። የዕፅዋት ኳራንቲን ተቆጣጣሪ (ከውጭ በሚገባ ዕፅዋትና እንጨት ተባይ እንዳይገባ የሚፈትሽ)፣ የከተማ አረንጓዴ ልማት ባለሙያ፣ የላቦራቶሪ ቴክኒሻን፣ የችግኝ ጣቢያ ኃላፊ፣ የዕፅዋት ጥበቃ ተመራማሪ። የነፍሳት ተመራማሪ የሚል ማዕረግ ብቻ እየፈለግሽ ብትቀመጪ ዓመቱ ያልቅብሻል።

ከእነዚህ እኔ ለጀማሪ የምወደው ኳራንቲኑን ነው። ለምን? እነዚህ ነፍሳት ውቅያኖስ በክንፋቸው አያቋርጡም። አብዛኞቹ የሚመጡት በዕቃ ማሸጊያ እንጨትና በችግኝ ነው። አንድ የእንጨት ፓሌት (ዕቃ የሚጫንበት ርብራብ) ስታገኚ ጎኑን እይው። የስንዴ ዘለላ ምስል፣ የአገር መለያና ቁጥር ያለበት ማኅተም ካለው እንጨቱ ዓለም አቀፉ ደንብ በሚያዘው መንገድ ታክሟል ማለት ነው። ደንቡ የወጣው በ2002 ነው። ከሚፈቅዳቸው ዘዴዎች ዋነኛው ማሞቅ ነው፤ የእንጨቱ እምብርት 56 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሶ ለ30 ደቂቃ ይቆያል። ግን ማኅተም ያለው ሁሉ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ማኅተሙን አይቶ የሚያልፍ ተቆጣጣሪ አለ፤ እንጨቱን ገልበጥ አድርጎ የቅርፊት ቁራጭና የተቦረቦረ ዱቄት የሚፈልግ ተቆጣጣሪ አለ። ሁለተኛዋን ሁኚ።

የዕፅዋት መናፈሻንም አትናቂ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በ2017 ፒተርማሪትዝበርግ ባለ ብሔራዊ የዕፅዋት መናፈሻ አንዲት ተመራማሪ ተባይ ፍለጋ ዛፎቹን ስታይ አንድ ችግር አገኘች። ሰሊጥ የምታክል፣ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነች ጥንዚዛ። ይቺ ጉደኛ እንጨቱን አትበላም። ፈንገስ ይዛ ትገባለች፣ በቆፈረችው ጉድጓድ ውስጥ ታለማዋለች፣ እሱን ትበላለች፤ ልጆቿንም በእሱ ታሳድጋለች። ዛፉን የሚያንቀው ፈንገሱ ነው፤ የውኃ መተላለፊያውን ይዘጋል። ሴቷ ከገዛ ወንድሟ ጋር ስለምትራባ አንዲት ብቻ ብትገባ መንጋ ትሆናለች። (ገበሬ ናት ብዬ ለአንድ ተማሪ ብነግረው አንድ ሳምንት ስለ እሷ ብቻ ሲያነብ ከረመ። አንቺም እንደዚያ ከሆንሽ መስኩ የአንቺ ነው።)

አሁን ደግሞ ክፉ ክፉውን። ሥራው ብዙ ጊዜ በፕሮጀክትና በኮንትራት ነው። ወቅት አለው፤ ነፍሳቱ ሲወጡ እንቅልፍ የለም፣ ሲደበቁ በጀቱም ይደበቃል። ሌላም አለ። በዎርስተር፣ ማሳቹሴትስ፣ በ2008 ረጅም ቀንድ ያላት የእስያ ጥንዚዛ ስትገኝ ከ30 ሺህ በላይ ዛፎች ተቆርጠዋል። የአንድ ሰው በር ላይ ቆመሽ ባለቤቱ «ይህ አባቴ የተከለው ዛፍ ነው» ሲልሽ፣ ዛፉም ለምለም ሆኖ ሲታይ፣ «ይቆረጣል» ብለሽ ማስረዳት አለብሽ። ይህን የሚያስተምር ኮርስ አላየሁም። ያም ሆኖ መቁረጡ ከንቱ አይደለም፤ ቺካጎ በ1998 ያገኘቻትን ያቺኑ ጥንዚዛ በ2008 ከከተማዋ ማጥፋቷን አውጃለች። መጋዝ ይዞ ዛፍ ላይ መውጣት ግን የራሱ ሥልጠና ያለው ሌላ ሙያ ነው። ማንም «አንዴ ውጪና እዪው» ቢልሽ እንዳትሞክሪው።

ወደ ግቢሽ ዛፎች ልመለስ። ያየሽው ትል ገዳይ ላይሆን ይችላል፤ ለቅሶ ደራሽ ሊሆን ይችላል። ብዙ ነፍሳት የሚመጡት ዛፉ ከተዳከመ በኋላ ነው። ሥሩ በቁፋሮ ተቆርጦ፣ አፈሩ በመኪና ተረግጦ፣ ዙሪያው በሲሚንቶ ታፍኖ ሊሆን ይችላል። መንገዱ መቼ እንደተሠራ ጠይቂ። ሥሩ አካባቢ ምን እንደተቆፈረ ጠይቂ። አደራ፣ ላቦራቶሪ ሳያረጋግጥ «አዲስ ወራሪ ተባይ ገባ» ብለሽ ፌስቡክ ላይ እንዳትለጥፊ። ከተሳሳትሽ ስምሽ ይበላሻል፤ ልክ ብትሆኚም በደንቡ መሠረት ማሳወቅ ያለበት አካል ቀድሞ ማወቅ አለበት። ናሙናውን በሕይወት ይዘሽ አትዙሪ፤ አልኮል ውስጥ ክተቺው፤ ቀንና ቦታ በእርሳስ ጻፊበት፤ የዕፅዋት ጤና ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አድርሺ። በእርሳስ ያልኩት ወድጄ አይደለም፤ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይለቃል።

አንድ ጊዜ የቅጥር ቃለ መጠይቅ ላይ በታዛቢነት ተቀምጬ ነበር። ጠያቂው ጠረጴዛው ላይ አንድ ቁራጭ ቅርፊት አስቀምጦ «ምን ታያላችሁ?» ይላል። አንዱ የላቲን ስም ደረደረ። ሌላው ስለ ፀረ ተባይ መድኃኒት ማውራት ጀመረ። ሦስተኛዋ ልጅ ቅርፊቱን አነሳች፣ ገለበጠችው፣ ከቦርሳዋ ማስመሪያ አወጣች። «ቀዳዳው ክብ ነው፣ 3 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ዱቄቱ ገና ነጭ ስለሆነ አዲስ ይመስለኛል። ዛፉን ሳላይ ግን ስሙን አልናገርም» አለች። የተቀጠረችው እሷ ናት። ነጥቧ ከሁሉም ዝቅ ያለ እንደነበር ኋላ ሰማሁ።

ስለ ማስተርሱ፦ ሙሉ ስኮላርሺፕ ካላገኘሽ ሥራ ይቅደም ባይ ነኝ። አንድ ሁለት ዓመት በሜዳ ከሠራሽ በኋላ ምን መመራመር እንደምትፈልጊ ታውቂያለሽ። አሁን ከገባሽ ግን አማካሪሽ የሰጠሽን ርዕስ ይዘሽ ትወጪያለሽ። እስከዚያ የዕፅዋት በሽታ፣ የካርታ ሥራና መሠረታዊ ስታቲስቲክስ አጥብቂ። ነፍሳት ብቻ የሚያውቅ ሰው ፈንገሱ ያመልጠዋል።

ሲቪሽንም አየሁት። «ታታሪ፣ በቡድን መሥራት የምችል» የሚለውን አጥፊው፤ ሁሉም ጽፎታል። በምትኩ ከዛሬ ጀምሮ 20 ዛፎች ምረጪ። በየሁለት ሳምንቱ እያንዳንዱን ከአንድ ቦታ ቆመሽ ፎቶ አንሺ። ግንዱን ከመሬት 1.3 ሜትር ላይ ለኪ። አናቱ ስንት እጅ እንደደረቀ፣ ቀዳዳ ካለ ስፋቱንና ቅርፁን መዝግቢ። ከሦስት ወር በኋላ ሲቪሽ ላይ የሚገባው አንድ መስመር ይህ ነው፦ «20 የመንገድ ዛፎችን ለሦስት ወር ተከታትዬ የአደራረቃቸውን ሂደት በካርታና በፎቶ መዝግቤያለሁ።» ደብተሩን ይዘሽ ቃለ መጠይቅ ግቢ።

ደግሞ አንድ ነገር። ደብዳቤሽ ላይ ትሉን በደንብ ገልጸሽልኛል፤ ቅርፊቱ ላይ ስላለው ቀዳዳ ግን ምንም አልጻፍሽም። ኤመራልድ አሽ ቦረር ስትወጣ የምትተወው አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ የሆነ፣ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ነው። ረጅም ቀንዷ ጥንዚዛ ደግሞ እርሳስ የሚያስገባ ክብ ቀዳዳ ትተዋለች። የእናንተ ግቢ የትኛው ነው? ነገ ማስመሪያ ይዘሽ ሂጂና ለክተሽ ጻፊልኝ።