«ሁልጊዜ ታይፎይድና ታይፈስ ነው የሚሉኝ»

ጥያቄ፦ የፍኖተ ሰላም ነዋሪ ነኝ። ሲያተኩሰኝና ሲቆረጣጥመኝ ክሊኒክ እሄዳለሁ። ደሜን ወስደው ሁልጊዜ «ታይፎይድም ታይፈስም አለብሽ» ይሉኛል። መድኃኒቱን ጨርሼ ብዙም ሳልቆይ ደግሞ ያው ነው። ሰው ሁለቱ እየተመላለሱ አብረው ይይዙታል እንዴ? ምርመራውስ ይታመናል?

መልስ፦ እህቴ፣ መጠርጠርሽ ልክ ነው።

የታይፎይዱ ምርመራ ዊዳል ይባላል። ፈረንሳዊው ሐኪም ፈርናንድ ዊዳል ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1896 ነው፤ የዐድዋ ድል እኩያ መሆኑ ነው። ለዚያ ዘመን ትልቅ ነገር ነበር። ችግሩ ጀርሙን አያይም፣ የሚያየው ሰውነትሽ ጀርሙን ለመዋጋት ያዘጋጀውን ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ ከደምሽ የተለየው ፈሳሽ ከሞተ ጀርም ጋር ተደባልቆ ከተጓጎለ «ፖዘቲቭ» ይሉሻል። ያ ግን ካቻምና ታመሽ የቀረ ሊሆን ይችላል፣ ሌላ ጀርምም ቀስቅሶት ይሆናል። በተቃራኒው ገና በታመምሽ በሁለተኛው ቀን ብትመረመሪ ታይፎይድ ኖሮብሽም ላያሳይ ይችላል።

የታይፈሱ ይብሳል። ዌል ፌሊክስ የሚሉት በአንደኛው የዓለም ጦርነት መሐል፣ በ1916 የወጣ ነው። የታይፈስን ጀርም ጭራሽ አይጠቀምም! የሚጠቀመው ፕሮቲየስ የሚባል ሌላ ባክቴሪያ ነው፤ የታይፈስ ሕመምተኛ ደም እሱንም ስለሚያጓጉለው ብቻ። ፕሮቲየስ ደግሞ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ያመጣል፤ እሱ ይዞሽ «ታይፈስ» ልትባዪ ትችያለሽ።

ማይክሮስኮፕ ሌላ ነው። ጣትሽን ወግተው፣ ደሙን ስላይድ ላይ ቀብተው፣ ቀለም ነክረው ሲያዩት የወባም፣ እየተመላለሰ የሚያተኩሰው የግርሻ በሽታም ጀርም ራሱ ይታያል። ኦበርማየር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም የግርሻን ጀርም በርሊን ውስጥ በሕመምተኞች ደም ሲጥመዘመዝ ያየው በ1868 ነው፤ ከዊዳል በፊት መሆኑ ነው፣ ግን ዛሬም አልተሻረም። ታዲያ የግርሻ ጀርም ትኩሳቱ ሲበርድ ከደም ስለሚሰወር፣ ደም መስጠት ያለብሽ ትኩሳቱ ላይ እያለሽ ነው። ፍኖተ ሰላም የወባ አገር ነው። ግርሻም የቅማል በሽታ ስለሆነ ጎጃም ውስጥ የቆሎ ተማሪ ተጨናንቆ የሚያድርበትን ጎጆ አይምርም። እነዚህን ሳያዩ ታይፎይድ ላይ መዝለል ምን ይሉታል?

በሚቀጥለው «ብለድ ፊልም ታይቶልኛል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ፤ ያ በማይክሮስኮፕ የሚታየው የደም ምርመራ ነው፣ አትፈሪ። ታይፎይድን በደንብ የሚለየው የደም ካልቸር ነው፤ ደምሽ ውስጥ ያለውን ጀርም ላብራቶሪ ውስጥ አሳድጎ ማየት ማለት ነው። የሚሠራበት ሆስፒታል ካገኘሽ ውጤቱ ቀናት ይፈጃል፣ ታገሺ። ብቻ ከመመርመርሽ በፊት ቤት የተረፈ አንቲባዮቲክ እንዳትውጪ፤ ጀርሙ ካልቸሩ ላይ ሳያድግ ይቀርና ያው «የለብሽም» ተብለሽ ትመለሻለሽ።