የአዩርቬዳ መድኃኒቶች፦ ጥያቄና መልስ ከአንድ ፋርማሲስት ጋር

የሕንድ ባህላዊ ሕክምና ስለሆነው አዩርቬዳ የምትጠይቁኝን ዛሬ ማታ በዚህ ቡድናችን ውስጥ እመልሳለሁ። ፋርማሲስት ነኝ፤ በሕንዷ ኬረላ ግዛት በተማርኩባቸው ዓመታት ይህን ሕክምና በቅርበት አይቼዋለሁ። አደራ የምላችሁ፣ የምትወስዱትን ነገር ስም፣ በመያዣው ላይ የተጻፈውን ይዘትና አብራችሁ የምትወስዱትን ሌላ መድኃኒት ሳትጽፉ እንዳትጠይቁ ነው።

ጥያቄ (ከዱባይ)፦ አብራኝ የምትሠራ ሕንዳዊት ለእንቅልፍ ማጣት አሽዋጋንዳ የሚባል ዱቄት ሰጥታኛለች። ብወስደው ይጎዳኛል?

መልስ፦ አሽዋጋንዳ እኛ ግዛዋ የምንለው ተክል ነው። በአዩርቬዳ በዋናነት የሚሠራበት ሥሩ ነው። በጭንቀትና በእንቅልፍ ላይ የተደረጉ ጥናቶች መጠነኛ ጥቅም ቢያሳዩም፣ አብዛኞቹ ጥቂት ሰዎችን ለጥቂት ሳምንታት ብቻ የተከታተሉ ናቸው። በሌላ በኩል ከወሰዱት መካከል ጉበታቸው የተጎዳ ሰዎች ተመዝግበዋል፤ የታይሮይድ ሆርሞንንም ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ2023 ከልክላዋለች። እርጉዝ ከሆኑ፣ የጉበት ወይም የታይሮይድ ሕመም ካለብዎ፣ ወይም የእንቅልፍና የጭንቀት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ አይውሰዱት። የአምራቹ ስም የሌለው ዱቄት ከሆነ ደግሞ፣ ጤነኛም ቢሆኑ አይውሰዱት።

ጥያቄ፦ አዩርቬዳ በእርግጥ ያድናል?

መልስ፦ የትኛው መድኃኒት? ለየትኛው ሕመም? ይህን ሲነግሩኝ እመልሳለሁ።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ እነዚህ መድኃኒቶች እርሳስና ባዜቃ (ሜርኩሪ) የሚባሉት መርዛማ ማዕድናት አለባቸው ሲባል እሰማለሁ። ነጋዴዎች የሚቀላቅሉት ነው ወይስ ከአፈር የሚመጣ?

መልስ፦ ሁለቱም ያጋጥማል፤ ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ሦስተኛ ምክንያት አለ፤ እሱም ማዕድኑ ሆን ተብሎ የሚገባ መሆኑ ነው። ራሳ ሻስትራ የሚባለው የአዩርቬዳ ዘርፍ ባዜቃን፣ እርሳስን፣ ወርቅንና ሌሎች ማዕድናትን ለመድኃኒትነት ያዘጋጃል። ለምሳሌ ባዜቃ ከድኝ ጋር ለረጅም ሰዓት ሲፈጭ ካጃሊ የሚባል ጥቁር ዱቄት ይወጣዋል። ሌሎቹ ማዕድናት ደግሞ በዘይት፣ በአሬራና በተክል ጭማቂ እየተነከሩ ደጋግመው በእሳት ከተቃጠሉ በኋላ ብሃስማ፣ ማለትም አመድ ይሆናሉ። የአመዱ ጥራት የሚፈተነው በጣቶች መካከል ሲታሽ በቆዳው መስመሮች ውስጥ በመግባቱና ውኃ ላይ ሲነሰነስ በመንሳፈፉ ነው። ባለሙያዎቹ ሲሠሩ አይቻለሁ፤ ትዕግሥታቸውንና ጥንቃቄያቸውን አከብራለሁ። ይሁን እንጂ እነዚህ ፈተናዎች የዱቄቱን መላም እንጂ ወደ ደም የሚገባውን የእርሳስ መጠን አይነግሩንም። እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ የታተመ ጥናት በኢንተርኔት የተገዙ 193 የአዩርቬዳ ምርቶችን መርምሮ፣ ከአምስቱ አንድ ያህሉ እርሳስ፣ ባዜቃ ወይም አርሰኒክ እንዳለበት አግኝቷል፤ በራሳ ሻስትራ ምርቶች ላይ ደግሞ ድርሻው ከፍ ያለ ነበር። ስለዚህ «ከተፈጥሮ የተገኘ ነው» የሚል ጽሑፍ አያዘናጋችሁ፤ እርሳስም የተፈጥሮ ነው።

አንድ አባል፦ በሺህ ዓመታት የተፈተነ ሕክምና በአንድ ጥናት አይሻርም።

ሌላ አባል፦ ጋሼ፣ አውሮፓውያንም ባዜቃን ለቂጥኝ ሕመምተኞች ለዘመናት ሲሰጡ ኖረዋል። አንድ ነገር ረጅም ዘመን ማገልገሉ ለደኅንነቱ ማስረጃ አይሆንም።

የመጀመሪያው አባል፦ አያቶቻችንን ከኮሶ ትል ያዳናቸው ኮሶው ነው፤ እሱንም ልትነቅፍ ነው?

ሦስተኛ አባል፦ ኮሶም እኮ መጠኑ ሲያልፍ ዓይን ይጎዳል።

መልስ፦ ወደ ኮሶ አንሂድ፤ ራሱን የቻለ ሰፊ ጉዳይ ነው። ሁላችሁም የዘነጋችሁት አብነት ግን አለ። ሳርፓጋንዳ የሚባለው ተክል በሕንድ ለዘመናት ሲታዘዝ ቆይቶ፣ የቦምቤው የልብ ሐኪም ሩስቶም ቫኪል የደም ግፊትን እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ. በ1949 በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት አሳተመ። በ1952 ከተክሉ ሥር ሪዘርፒን የተባለው ንጥረ ነገር ተለይቶ ወጣና በመላው ዓለም ታዘዘ፤ በከፍተኛ መጠን ከወሰዱት አንዳንዶቹ ግን ከባድ ድባቴ እንደያዛቸው ሐኪሞች መዘገቡ። የባህሉ ዕውቀት ወደ ተክሉ መራ፤ ምን ያህሉ እንደሚጠቅምና ምን ያህሉ እንደሚጎዳ የለየው ግን ልኬት ነው። እኔ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል አልመርጥም።

ጥያቄ (ከሜሪላንድ)፦ እናቴ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ዋርፋሪን ትወስዳለች። ለጉልበቷ ሕመም ቁንዶ በርበሬ ያለበት የእርድ ካፕሱል ገዛሁላት።

መልስ፦ ሐኪሟ እስኪያውቅ ድረስ አትስጫት፤ እስካሁን ወስዳ ከሆነም ነገ ደውይለትና የደም መርጋት ልኬቷን ያይላት። ወጥ ውስጥ የሚገባው እርድ አያሳስበኝም። በካፕሱሉ ግን እርዱ ተጠናክሮ የገባ ሲሆን፣ ቁንዶ በርበሬው ደግሞ ወደ ደም የሚገባውን መጠን በብዙ እጥፍ ያሳድገዋል። ከዋርፋሪን ጋር ሲገናኝ ለመድማት ሊያጋልጣት ይችላል።

ጥያቄ፦ አዩርቬዳ ሰዎችን ከሚከፍልባቸው ሦስት የሰውነት ጠባዮች እኔ ቫታ ነኝ፣ ፒታ ነኝ ወይስ ካፋ?

መልስ፦ ይህን የሚወስነው ሕመምተኛውን ፊት ለፊት የሚያየው የአዩርቬዳ ሐኪም ነው።

ጥያቄ፦ አሽዋጋንዳ ለእንቅልፍ እንዴት ነው?

መልስ፦ የመጀመሪያውን መልስ ያንብቡ። አንድ ጥያቄ በተደጋገመ ቁጥር የሌላው ሰው ጥያቄ ይዘገያል።

ጥያቄ (ከአዋሳ)፦ አባቴ ለስኳር ሕመሙ የአዩርቬዳ እንክብል ከጀመረ በኋላ ሜትፎርሚኑን አቁሟል።

መልስ፦ ዛሬውኑ የደም ስኳሩን አስለኩ፤ ነገ ጠዋት እንክብሉን ከነመያዣው ይዛችሁ ሐኪሙ ዘንድ ሂዱ። ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት በራስ ውሳኔ ማቆም አይገባም።

ጥያቄ፦ ሁለት ዓመት ለሆናት ሴት ልጄ ለሆድ ቁርጠቷ ከሱቅ የገዛሁትን ቡናማ ዱቄት ለሦስት ሳምንት ሰጥቻታለሁ። መያዣው ጽሑፍ የለውም። አሁን ደኅና ናት።

መልስ፦ እህቴ፣ ከዚህች ሰዓት ጀምሮ አይስጧት፤ ዱቄቱን ግን አይጣሉት፣ ይመረመራል። ሕፃናት የዋጡት እርሳስ ከአዋቂ በበለጠ መጠን ወደ ደማቸው ይገባል፤ የሚጎዳውም በማደግ ላይ ያለውን አንጎል ነው፤ ደኅና ነው የሚባል መጠንም የለውም። ምልክት ሳይታይም ሊጎዳ ስለሚችል ደኅና መምሰሏ አያዘናጋዎት፤ ሐኪሙን በደሟ ውስጥ ያለው የእርሳስ መጠን እንዲለካ ይጠይቁት። ያሉበትን ከተማ ይጻፉልኝና ምርመራው የሚገኝበትን ቦታ አሁኑኑ አብረን እንፈልግ። ሌሎቻችሁ እባካችሁ ታገሡኝ።