ሹራቡ ለሁለት ሰው ይበቃል፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዙር የመረጥኳቸው ደብዳቤዎች ሁሉ ስለ ሹራብ ሥራ ናቸው። ረጃጅሞቹን ጨምቄ፣ አንዳንዶቹንም በራሴ አነጋገር ነው ያቀረብኳቸው፤ ጸሐፊዎቹ ይቅር ይበሉኝ። ለመግባባት ያህል፣ መርፌው ላይ የተደረደረችውን እያንዳንዷን የክር ቀለበት «ዓይን» እላታለሁ። ክሩ ከመርፌው ኋላ ሆኖ የሚሠራውንና ፊቱ ለስላሳ የሚሆነውን «ቀና»፣ ክሩ ከፊት ሆኖ የሚሠራውንና ጉብታ የሚተወውን «ግልብጥ» ብያለሁ።

የአንገት ልብሱ ቧንቧ ሆነ

አንዲት ጀማሪ አንዱን ረድፍ በሙሉ ቀና፣ ቀጣዩን በሙሉ ግልብጥ እያደረጉ አንድ ሜትር ያህል የአንገት ልብስ ሠርተዋል። ከመርፌው ባወረዱት ቅጽበት ከግራም ከቀኝም ተጠቅልሎ ቧንቧ መሰለ። «ምኑን ነው ያበላሸሁት?» ይላሉ።

ምንም አላበላሹም፤ የዚህ አሠራር ጠባዩ ነው። ክር ታጥፎ ዓይን ሲሆን ተመልሶ መቃናት ይፈልጋል። በእርስዎ ሥራ ውስጥ ሁሉም ዓይኖች ፊታቸው ወደ አንድ ወገን ስለሆነ የሁሉም ጉልበት ይደመራል፤ የጎን ጫፎች ወደ ጀርባ፣ የላይና የታች ጫፎች ደግሞ ወደ ፊት ይጠቀለላሉ። ሁሉም ረድፍ ቀና ሲሆን ግን በሁለቱም ወገን ጉብታና ለስላሳ ይፈራረቃል፤ አንዱ የሌላውን ጉልበት ያጠፋል፣ ጨርቁም ዝርግ ይላል።

ለሚቀጥለው ሥራ በሁለቱም ጎን 5፣ 5 ዓይን ሁልጊዜ ቀና አድርገው ጠርዝ ያብጁለት፤ መጀመሪያና መጨረሻ ላይም 6 ረድፍ ያህል ሁሉንም ቀና ይሥሩ። ይህም ቢሆን ሰፊ ሥራ ላይ ጠርዙ እንዳለ ሊታጠፍ ይችላል፤ መጠቅለሉን ይቀንሳል እንጂ አይፈውስም። የአንገት ልብስ ከሆነ 2 ቀና፣ 2 ግልብጥ እያሉ መሄድ ይሻላል፤ እንደ ላስቲክ ይሳባል፣ ሁለቱም ፊቱ ያምራል፣ አይጠቀለልም። የተሠራውን ለማዳን፣ ሱፍ ከሆነ አርጥበው ወጥረው በስፒል ይዘው ያድርቁት፤ ለጥቂት ጊዜ ይታዘዛል። አክሪሊክ ከሆነ ግን ካውያ አያስጠጉት። ሰው ሠራሽ ክር በሙቀት ሟሽሾ ልፍስፍስ ይላል፤ ከዚያ ወዲያ የሚመልሰው የለም።

ፊልም እያየሁ መሥራት እችላለሁ?

ይችላሉ፤ ትርጉሙ ከግርጌ የሚነበብ ፊልም ካልሆነ።

30 ዓይን ጀምሬ 37 ሆነ

ጠያቂው ክሩ የሚራባ መስሏቸዋል። የሚራባው በሦስት መንገድ ነው። የመጀመሪያው፣ ሥራውን ገልብጠው አዲስ ረድፍ ሲጀምሩ ክሩ በመርፌው ላይ ተሻግሮ ወደ ኋላ ከሄደ፣ የጠርዟ ዓይን ወደ ላይ ትሳብና ሁለት እግሯ ሁለት ዓይን ይመስላል፤ ሁለቱንም ይሠሯቸዋል፣ አንድ ተጨመረ። መፍትሔው ቀና ረድፍ ሲጀምሩ ክሩን በመርፌው ሥር ወደ ኋላ ማሳለፍ ነው። ሁለተኛው፣ ከቀና ወደ ግልብጥ ሲሻገሩ ክሩን በሁለቱ መርፌዎች መካከል ማምጣት ሲገባ በመርፌው ላይ ማምጣት ነው፤ ይኼኛው ከሥሩ ቀዳዳ ስለሚተው ይታወቃል። ሦስተኛው የክሩን ፈትል ሰንጥቆ አንዱን ዓይን እንደ ሁለት መሥራት ነው።

ጨርቁ ወደ ጎን እየሰፋ ከሄደና ቀዳዳ ከሌለው ጥፋቱ ጠርዝ ላይ ነው፤ መሐሉ ላይ ቀዳዳ ካለው ሁለተኛው ነው። እጅዎ እስኪለምድ በየረድፉ መጨረሻ ይቁጠሩ፤ 30 ዓይን ለመቁጠር የሚወስደው ጊዜ 12 ረድፍ ከመተርተር ያንሳል።

«ናሙና ሠርቻለሁ፣ ሹራቡ ግን ለሁለት ሰው ይበቃል»

የዚህ ወር ዋና ደብዳቤ ይህ ነው፤ ርዕሱም ከዚሁ የተወሰደ ነው። ንድፉ በ10 ሳንቲ ሜትር 22 ዓይን ይላል። ጸሐፊዋ ለ100 ሳንቲ ሜትር ደረት 220 ዓይን ይዘው ጀመሩ። ሹራቡ ሲያልቅ 110 ሆነ። ናሙና፣ ማለትም ልኩን አስቀድሞ ለማወቅ የሚሠራ ቁራጭ፣ መሥራታቸውን ደጋግመው ጽፈዋል፤ 12 ዓይን፣ ጥቂት ረድፍ፣ መርፌው ላይ እንዳለ ማስመሪያ አስጠግተው «ልክ ነው ማለት ይቻላል» ብለዋል።

እመቤቴ፣ ጥፋቱ ያለው «ማለት ይቻላል» የምትለዋ ላይ ነው። ሒሳቡን እንየው። 220 ዓይን በ22 ሲካፈል 10 ነው፤ በ10 ሳንቲ ሜትር ሲባዛ 100 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በ10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ አንዲት ዓይን ብቻ ጎድላ 21 ብትሆን ሹራቡ ወደ 105 ይጠጋል። ሁለት ጎድሎ 20 ሲሆን 110፤ ያው የእርስዎ። ናሙናዋ ላይ የማትታይ ልዩነት ደረት ላይ ስትደርስ 10 ሳንቲ ሜትር ትሆናለች። ስለዚህ ግማሽ ዓይን እንኳ ብትሆን ትቆጠራለች፤ ወደ ሚመቸን ቁጥር አንጠጋጋም።

12 ዓይን ያላት ናሙና ስፋቷ ከ6 ሳንቲ ሜትር ብዙ አይበልጥም። የጠርዝ ዓይኖች ደግሞ ሁልጊዜ ከመሐሉ የተለዩ ናቸው፤ አንዳንዱ ላልቶ አንዳንዱ ጠብቆ ይቀመጣል። ከዚያች ቁራጭ ጠርዙን ቢያወጡ የሚለካ አይተርፍም። መርፌው ላይ እንዳለ መለካት ደግሞ መርፌው ጨርቁን ወጥሮ ስለሚይዘው እውነቱን አይናገርም።

ለዚህ ሹራብ 35 ዓይን ያህል ይጀምሩ፤ ቁመቱ 15 ሳንቲ ሜትር እስኪደርስ ይሥሩ። ዓይኖቹን እንዳይተረተሩ ይዝጉና ከመርፌው አውርደው፣ ሹራቡን ወደፊት በሚያጥቡበት መንገድ ይጠቡት። ወለል ላይ ዘርግተው፣ ሳይወጥሩ፣ ሙሉ በሙሉ ያድርቁት። ከዚያ ከጠርዙ ገባ ብለው መሐሉ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ለክተው ይቁጠሩ፤ ከፍ ብለውም ዝቅ ብለውም ይድገሙት። ብዙ ክር ውኃ ሲነካው ይፈታል፣ ይሰፋል፤ ያልታጠበ ናሙና የሚነግርዎ ሹራቡ ከመጀመሪያው እጥበት በፊት ምን እንደሚመስል ብቻ ነው።

ዓይኑ ከ22 ካነሰ መርፌውን በግማሽ ሚሊ ሜትር ያሳንሱ፤ ከበለጠ ያተልቁ። «አጥብቄ እሠራለሁ» አይበሉ። እጅ ሐሳቡን ይቀይራል፤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያጠበቀ እጅ ሠላሳኛው ላይ ይረሳል። አንድ ሌላ ወጥመድም አለ፤ የብዙ ሰው ግልብጥ ከቀናው ይላላል። ሹራቡ በባለገመድ መርፌ (ሁለት ጫፎቹ በተጣጣፊ ገመድ በተያያዙ መርፌ) ዙሪያውን ያለ ግልብጥ የሚሠራ ከሆነ፣ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሱ የሠሩት ናሙና ሌላ ቁጥር ይሰጣል። ናሙናውም ዙሪያውን ይሠራ።

አሁን በእጅዎ ያለውስ? ጎንና ጎኑ የተሰፋ ከሆነ ከእያንዳንዱ የፊትና የኋላ ጠርዝ 2.5 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ አስገብቶ መስፋት 10 ሳንቲ ሜትሩን ያጠፋዋል፤ ነገር ግን ብብት ሥር ወፍራም ግድግዳ ይተዋል፣ የእጅጌውም መግቢያ ይጠባል። የኔ ምክር መተርተር ነው። ካበቁበት ጫፍ ይጀምሩ፣ ክሩን በወንበር መደገፊያ ላይ እያዞሩ ይጠምጥሙት፣ አራት ቦታ ላይ ላላ አድርገው ይሰሩት። ለብ ባለ ውኃ 20 ደቂቃ ይዘፍዝፉት፣ ሳይጠመዝዙ ጨምቀው ይስቀሉት። ፀጉር ከሽሩባ እንደተፈታ ተጨማዶ የነበረው ክር ሲደርቅ ይቃናል። ይህን ዘለው ጭምድድ ክር ይዘው ቢጀምሩ ልኩ እንደገና ይዋሻል፣ እኔም ሌላ ደብዳቤ ይደርሰኛል።

ግራኝ ነኝ

የ11 ዓመቷ አንባቢ፣ በሹራብ ሥራ ሁለቱም እጆች ስለሚሠሩ እንደማንኛውም ሰው ጀምሪ። ንድፎች የሚጻፉት ለዚያ አያያዝ ነው። ገልብጠሽ ከተማርሽ እያንዳንዱን ንድፍ በጭንቅላትሽ ስትገለብጪ መኖርሽ ነው።

8 ጥቅል ይላል፤ እኔም 8 ገዛሁ፤ አልበቃኝም

ክር በግራም ይሸጥ እንጂ የሚሠራው በሜትር ነው። 50 ግራም ክር 90 ሜትር ሊሆን ይችላል፤ ቀጭን ከሆነ 200 ሜትርም ይደርሳል። ንድፉ 125 ሜትር ያላቸውን 8 ጥቅሎች ከጠየቀ የጠየቀው 1000 ሜትር ነው። የእርስዎ ጥቅል 90 ሜትር ከሆነ በሜትር ሒሳብ 12 ያስፈልጋል። ደግሞም በዚያው ክብደት ሜትሩ ማነሱ ክሩ መወፈሩን ይነግርዎታልና ልኩም አይገጥምም፤ ወደ ናሙናው ይመለሱ። ሲጨምሩ መጠቅለያው ላይ ያለውን የማቅለሚያ ቁጥር፣ ማለትም አብረው የተቀለሙ ጥቅሎች የሚጋሩትን፣ ያመሳክሩ። ቁጥሩ ከተለየ በዓይን አንድ የሚመስል ቀለም ደረት ላይ መስመር ሆኖ ይወጣል። ሌላ ምርጫ ከሌለ ከአሮጌውና ከአዲሱ ሁለት ሁለት ረድፍ እያፈራረቁ ይሥሩ፤ ልዩነቱ ይበተናል።

አንዲት ዓይን አምልጣ 20 ረድፍ ወርዳለች

ሙሉውን አይተርትሩ፤ ያመለጠችው አንድ ናት። በቅድሚያ ከዚህ በላይ እንዳትወርድ በመርፌ ቁልፍ ይያዟት። ከሷ በላይ የሚታየው መሰላል ነው፤ እያንዳንዱ አግዳሚ ክር ያልተሠራ አንድ ረድፍ ነው። ለስላሳውን ፊት ወደ ራስዎ አዙረው ኪሮሽ ያዘጋጁ። ኪሮሹን ከፊት ወደ ኋላ በዓይኗ ያስገቡ፣ ወዲያው ከላይዋ ያለውን የታችኛውን አግዳሚ ያጥምዱና በዓይኗ ውስጥ ጎትተው ያውጡ። አዲስ ዓይን ተሠራ። እንዲሁ 20 ጊዜ። አግዳሚ እንዳይዘሉ፤ ከዘለሉ ከጀርባ በኩል ልቅ ክር ተንጠልጥሎ ያጋልጥዎታል። ላይ ሲደርሱ ዓይኗን ሳትጠማዘዝ መርፌው ላይ ይመልሷት፤ ቀኝ እግሯ ከመርፌው ፊት ይሁን። መስመሩ መጀመሪያ ጠበብ ብሎ ይታያል፤ ጎረቤት ዓይኖችን በመርፌ ጫፍ ትንሽ ትንሽ ሳብ ሳብ ያድርጉ፣ ቀሪውን እጥበት ይጨርሰዋል።

ሱፍ ያሳክከኛል፤ አለርጂ ይሆን?

አብዛኛውን ጊዜ ቆዳን የሚወጋው የወፍራም ሱፍ ጫፍ ነው፤ ሜሪኖን የመሰለ ቀጭን ሱፍ ወይም ጥጥ ይሞክሩ። ሽፍታ ከወጣ የቆዳ ሐኪም ያሳዩት።

ሌሊት ጣቶቼ ይደነዝዛሉ

ጸሐፊዋ በቀን 4 ሰዓት ያህል ይሠራሉ። አውራ ጣት፣ ጠቋሚና መሐል ጣታቸው ሌሊት እየደነዘዘ ያነቃቸዋል፤ እጃቸውን ሲያራግፉ ይሻላቸዋል። የሚጠይቁኝ የትኛው መርፌ እንደሚሻላቸው ነው።

መርፌው ይቆይ፣ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። የገለጹት ምልክት በእጅ አንጓ ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ ሲጨቆን ከሚታየው ጋር ይመሳሰላል፤ መሆን አለመሆኑን የሚያውቀው መርምሮ ያየዎ እንጂ ደብዳቤ ያነበበ አይደለም። ነርቭ ለረጅም ጊዜ ከተጨቆነ የአውራ ጣት ጡንቻ ሊመነምን ይችላል። «እስኪ ይህን ሹራብ ልጨርስና» ብለው የጻፉትን አይቻለሁ፤ አይጨርሱት። ዕቃ ከእጅዎ መውደቅ ከጀመረ ደግሞ ቀጠሮው ነገ ይሁን።

ሐኪሙ ከፈቀደልዎ በኋላ፣ ትልቅ ሥራ በረጃጅም ቀጥ ያሉ መርፌዎች ላይ ሲሆን ክብደቱን ሁሉ የሚሸከመው አንጓ ነው፤ ባለገመድ መርፌ ክብደቱን ጭን ላይ ያሳርፈዋል። በየ20 ደቂቃው እጅዎን ያሳርፉ፣ አንጓዎን ሳያጥፉ ይሥሩ።

ባለቤቴ የሱፍ ሹራቤን በማሽን በፈላ ውኃ አጠበው

ነፍስ ይማር። የሱፍ ፀጉር እንደ ዓሣ ቅርፊት ያለ ሽፋን አለው፤ ሙቀት፣ ሳሙናና ግጭት ሲገናኙ ቅርፊቶቹ ተጠላልፈው ይጠቀጠቃሉ፣ አይፈቱም። አሁን እንደ ጨርቅ ሊቆረጥ ይችላል፤ ጫፉም አይተረተርም። ጥሩ የትራስ ልብስ ይወጣዋል፤ ባለቤትዎ ይተኛበት።

የሕፃኑ ሹራብ በጭንቅላቱ አያልፍም

ሹራቡ አልጠበበም፤ የአንገቱ መዝጊያ ነው ያነቀው። የአንድ ዓመት ልጅ ራስ ዙሪያ 46 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ አንገትጌው ሲለጠጥ እዚያ መድረስ አለበት። መዝጊያውን ብቻ ይፍቱ፣ ዓይኖቹን ይሰብስቡ፣ በ1 ሚሊ ሜትር ወፈር ባለ መርፌ ላላ አድርገው እንደገና ይዝጉ። ሜትሩን አስጠግተው ይለጥጡት። አሁንም 46 ካልደረሰ አንዱን ትከሻ ከፍተው በሁለት ቁልፍ ይዝጉት፤ ቁልፎቹ ሕፃኑ ነቅሎ እንዳይውጣቸው በጠንካራ ክር በደንብ ይሰፉ።