«ለዶት ኮሙ 4,500 ዶላር ክፈይ አለኝ፣ ልክፈለው?»

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። ሲልቨር ስፕሪንግ ሆኜ በርበሬ፣ ሽሮና ኮሰረት እያስመጣሁ በኦንላይን እሸጣለሁ፣ ሱቁን የጀመርኩት በ2019 ነው፣ ዌብሳይቴ የሱቁ ስም መጨረሻው ላይ «ሾፕ» ተጨምሮበት ነው ያለው። ያለ ጭማሪ ያለውን ዶት ኮም ልገዛ ስፈትሽ አንድ ሰውዬ ከ2011 ጀምሮ ይዞታል፣ ገጹ ግን ባዶ ነው። በሱቁ ኢሜይል ጻፍኩለት፣ ስሙ በጣም እንደሚያስፈልገኝ ነገርኩት፣ እሱም 4,500 ዶላር ክፈይ አለኝ። ትክክለኛው ዋጋ ስንት ነው? እንዴት ልከራከረው?
የቅመም ነጋዴዋ

መልስ፦ እህቴ፣ 4,500ው የመጣው ከኢሜይልሽ ነው። ሰውዬው ስሙን ለመያዝ በዓመት ቢከፍል ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 25 ዶላር ገደማ ነው፣ ስለዚህ አይቸኩልም፣ አንቺ ግን እንደቸኮልሽ በሱቅሽ ስም ፈርመሽ ነግረሽዋል፣ እሱም ጎግል አድርጎ ሱቁን አይቶ ይሆናል የጠራው። ለሌላ ጊዜ በሱቁ ኢሜይል አትጻፊ፣ ዘመድም ቢጽፍልሽ ይሻላል።

ትክክለኛ ዋጋ ስላልሽው፣ ዶሜይን (የዌብሳይት ስም ማለት ነው) የኪሎ ዋጋ የለውም፣ እኔ የምለካው ስሙን ባታገኚ ምን ይጎድልብሻል በሚለው ነው። ደንበኞችሽ እኮ አሁንም ባለው አድራሻ እያገኙሽ ነው። ቴስላ እንኳ እስከ 2016 ድረስ በቴስላ ሞተርስ ዶት ኮም ነው መኪና ሲሸጥ የኖረው፣ ኢለን መስክ ራሱ እንዳለው ቴስላ ዶት ኮምን ለማግኘት አስር ዓመትና 11 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቶበታል (እሱ ይችላል!)።

ኔምባዮ የሚባለው ሳይት ላይ ከዚህ በፊት የተሸጡ ስሞችን ዋጋ ታገኛለሽ፣ ያንቺን የሚመስሉትን ፈልጊ፣ ሻጮች የሚጠሩትን ዋጋ ግን ተይው፣ ኮምፒውተር በራሱ የሚያወጣውን ግምትም ብዙ አትመኚው። ደሞ ያንቺ ስም የአማርኛ ቃል በላቲን ፊደል ነው፣ ካንቺ ሌላ የሚፈልገው ስንት ሰው አለ? ይሄ ላንቺ ያደላል።

ከዛ ጣሪያሽን ወስነሽ አጭር መልስ ላኪለት፦ «የመደብኩት 700 ዶላር ነው፣ እስከ አርብ ከተስማማን በኤስክሮ ወዲያው እከፍላለሁ፣ ካልሆነ ባለኝ ስም እቀጥላለሁ»። በቃ፣ ስለ ሱቁ አንድ ቃል እንዳትጨምሪ። (ኤስክሮ ማለት ስሙ እስኪዛወር ገንዘቡን የሚይዝ ሦስተኛ ወገን ነው።) 3,000 ቢልሽ ቆየት ብለሽ ትንሽ ጨምሪ፣ «መሀል ላይ እንገናኝ» ካለሽ ግን አትቀበይ፣ መሀሉ የሚሰላው እሱ ከሰቀለው ላይ ነዋ። በኔ ግምት ከ1,500 ካለፈ ተይው፣ ብሩን ማስታወቂያ ላይ ብታውይው ይሻልሻል።

ጊዜው እስኪያልፍበት ልጠብቅ የምትሉም አላችሁ፣ ከ2011 ጀምሮ ሲያድስ የኖረ ሰው ዘንድሮ ይረሳል ማለት ዘበት ነው፣ ቢረሳም ማስመለሻ ጊዜ አለው፣ ብዙ ጊዜም የተመዘገበበት ድርጅት ለጨረታ ያወጣዋል። ክስም አያዋጣሽም፣ የዶሜይን ክርክር የሚያየው ዋይፖ (የዓለም የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት) ለአንድ ዳኛ ብቻ 1,500 ዶላር ያስከፍላል፣ እሱ ደሞ ሱቅሽ ሳይኖር ነው ያስመዘገበው፣ በክፉ ሀሳብ ነው ብለሽ ምን ታስረጃለሽ?

ከመክፈልሽ በፊት ዌይባክ ማሽን የሚባለው የድሮ ገጾችን የሚያስቀምጥ ሳይት ላይ የድሮ ገጹን እዪው፣ ቁማር ወይ ስፓም ሲሰራበት የነበረ ስም ከሆነ ጎግል ላይ ሊያስቸግርሽ ይችላል። በዜል ወይ በዌስተርን ዩኒየን በጭራሽ እንዳትልኪ፣ ኤስክሮ ዶት ኮም ገንዘቡን ይዞ ስሙ እስኪዛወር ይጠብቃል፣ የአገልግሎቱን ክፍያ ማን እንደሚችል ግን ቀድማችሁ ተነጋገሩ። እሱ ስሙን ያስመዘገበበት ድርጅት ጋ አንቺም አካውንት ብትከፍቺ ዝውውሩ ቶሎ ያልቃል፣ ወደ ሌላ ድርጅት ከሆነ ግን ኮድ ይሰጥሻል፣ ቀናትም ይፈጃል። ስሙ አንቺ አካውንት ውስጥ ገብቶ፣ በባለቤትነት የተመዘገበው ኢሜይልም ያንቺ መሆኑን ሳታዪ «ደርሶኛል» እንዳትዪ።