ፊደል ላልቆጠሩ ወላጆቻችን የመርሳት ምርመራ፦ ሲስተርን ጠይቁ

ሲስተር፦ ሰላም ለሁላችሁ። አውስትራሊያ፣ ፐርዝ ከተማ፣ የአረጋውያን እንክብካቤ ውስጥ ነው የምሠራው። ጠይቁ። ከአሁኑ ልንገራችሁ፣ ነጥብ ብቻውን በሽታ አይደለም።

ሄለን፦ እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። የማስታወስ ምርመራ ላይ ከ30 17 ነው ያመጣችው፣ ዲሜንሺያ (የመርሳት በሽታ) ነው አሉን።

ሲስተር፦ በምን መዘኗት? ኤምኤምኤስኢ የሚባለው የተለመደው የማስታወስና የማሰብ መመዘኛ ከሆነ፣ በፈረንጅ 1975 የወጣ ነው፣ ከ100 ላይ 7 እየቀነሱ መውረድ፣ ዓረፍተ ነገር መጻፍ፣ የተደራረቡ ባለ አምስት ጎን ቅርጾች መሳል የሚሉ ጥያቄዎች አሉት። እርሳስ ጨብጣ የማታውቅ ሴት እዛ ጋ ነጥብ ብትጥል ስለ ጭንቅላቷ ምን ይነግረናል? ዓመቱን ሲጠይቋት ደግሞ በኛ አቆጣጠር ትመልስና ስህተት ተብሎ ይያዝባታል። የአቦርጂናል፣ የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች፣ ሽማግሌዎችም ላይ የደረሰው ይሄው ነው። ኪምበርሊ በሚባለው የምዕራብ አውስትራሊያ ሰሜናዊ ክፍል ብዙዎቹ ትምህርት ቤት በቅጡ አልገቡም፣ እንግሊዝኛም ሁለተኛ ሦስተኛ ቋንቋቸው ነው፣ ስለዚህ ከራሳቸው ሰዎች ጋር ተመካክረው ኪካ የሚባለውን መመዘኛ ሠሩላቸው። ማበጠሪያ፣ ኩባያ፣ ክብሪት አሳይተው ምንድነው ለምን ይሆናል ይሏቸዋል፣ ጠርሙስ ከፍተው ውሃ እንዲቀዱ ያደርጋሉ፣ ቀን ቁጥር ትተው ጡረታ የሚገባው በዚህ ሳምንት ነው ወይ ይላሉ። ነጥቡ ከ39 ነው፣ 33ና ከዛ በታች ከሆነ ጠለቅ ብሎ መመርመር ነው። ቤተሰብም ለብቻው ይጠየቃል። እና ታዲያ ማንንም ነፃ ለማውጣት አይደለም፣ በዚሁ ሲመዝኑ ከ45 ዓመት በላይ ካሉት 12 በመቶ ገደማ በሽታው ተገኘባቸው።

ዳዊት፦ እኛም ኪካ እንጠይቅ?

ሲስተር፦ አይ፣ ሥዕሎቹ ኢሙ የሚባለው የዛ አገር ትልቅ ወፍና አዞ ናቸው፣ የዛ አገር ሰው መመዘኛ ነው። ሩዳስ የሚባለውን መመዘኛ በሉ፣ ሲድኒ ለስደተኞች ታስቦ በፈረንጅ 2004 የወጣ። ሻይ፣ ዘይት፣ እንቁላል፣ ሳሙና አስታውሺ ይላታል፣ ገበያ የወጣች ሁሉ ታውቀዋለች። ነጥቧ 22ና ከዛ በታች ከሆነ ተጨማሪ ምርመራ። ልጅ ግን አያስተርጉም!

ቶማስ፦ አባቴ ይረሳል ምን ይሻላል

ሲስተር፦ ምን ይረሳል? ከመቼ ጀምሮ? እንዲህ ተጠይቆ አይመለስም ወንድሜ።

አስቴር፦ ኧረ ሽማግሌ መርሳቱ ያለ ነው፣ ጸበል ይጠመቁ በቃ።

ሰናይት፦ ያለ ነው እያልን አይደል አባቴ ጋዝ ለኩሶ እየወጣ ቤቱ ሊቃጠል የነበረው!

አስቴር፦ ጸበል አይረዳም ነው የምትይው?

ሲስተር፦ ጸበሉም ይጠመቁ ምርመራውም ይደረግ፣ እዚህ ላይ አንጨቃጨቅ።

ማርታ፦ ለማስታወስ የሚሆን ቫይታሚን አለ?

ሲስተር፦ ሳይመረመሩ አልናገርም።

ዳዊት፦ እኔ ራሴ ባስተረጉምላትስ?

ሲስተር፦ አሁን ተናገርኩ እኮ! ዘይት ብላ ዝም ስትል ሳሙናስ ትላታለህ፣ አለቀ ተበላሸ። በስልክ ቁጥር 131 450 የአማርኛ አስተርጓሚ አለ፣ ክሊኒኩ ይደውል። አንተ የምትፈለገው ስለ ለውጧ ለመናገር ነው፣ ብር ስትቆጥር ትሳሳታለች ወይ፣ ወጥ ጨው ትደግማለች ወይ።

ሄለን፦ ሲስተርዬ ጆሮዋም ይከብዳታል፣ ለውጥ አለው?

ሲስተር፦ ይሄንን መጀመሪያ አትነግሪኝም? ያልሰማችውን ምን ብላ ትመልስ። ጆሮዋ ይታይ፣ ኩክ ደፍኖት ይሆናል ይጠረግ፣ ለታይሮይድና ለቫይታሚን ቢ12 ደሟ ይመርመር፣ ከዛ በሩዳስ እንደገና ትመዘን። መነጽር ካላትም ይዛችሁ ሂዱ።